ለአንድ ጨዋታ ስድስት ቀን፦ ከወንበራ እስከ አሶሳ

ከአሶሳ ከተመለስን አራት ወር ሊሞላን ነው። እዚህ ደብረ ዘይት፣ የሸዋውን ሳይሆን የእኛን የወንበራውን ማለቴ ነው፣ ገበያ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ጉዞው ይጠይቀኛል። ግማሹ ስለ ጎሉ ይጠይቃል፣ ግማሹ ስለ ደረሰ። አሥራ ሁለት ተጫዋቾች ይዘን ሄደን አሥራ አንድ ይዘን ተመለስን። የቀረው ደረሰ ነው፤ እንዴት እንደቀረ ሙሉውን ያየሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከመነሻችን ልጀምር።

እኔ ምትኩ እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። የወረዳችንን ቡድን አሥራ አንድ ዓመት ደግፌያለሁ። ቡለን ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ዝናብ ሲወርድብኝ ቆሜ፣ አራት ለባዶ ተሸንፈን በዚያው እግሬ ተመልሻለሁ። ሚስቴ «ኳስ ያገባህ» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ቡድናችን ከገዛ ሜዳው ውጪ አሸንፎ አያውቅም ነበር። በየዓመቱ ሁለተኛ ሜዳ አልረግጥም ብዬ እምላለሁ፤ በሳምንቱ ግን ከተጫዋቾቹ ቀድሜ የምገኘው እኔ ነኝ።

አዲሱ ክልል ሲቋቋም ዋና ከተማችሁ አሶሳ ናት ተባልን። ከዚያ ክልሉ የኳስ ውድድር አዘጋጀና ከዞናችን ከመተከል የእኛ ቡድን ተመረጠ። ከካማሺ ይመጣል የተባለው ቡድን መንገድ ተበላሽቶበት ቀረ። ስለዚህ ከአሶሳ ዞን ከተመረጠው ከመንጌ ቡድን ጋር አንድ ጨዋታ ብቻ እንድንጫወትና ያሸነፈው ዋንጫውን እንዲወስድ ተወሰነ። መለያውን የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ የመለያ ጠባቂ ተብዬ መኪናው ላይ ቦታ አገኘሁ። የዚያን ቀን ደስታዬን ለመናገር አፍራለሁ፤ ሠርጌ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም።

ሰኞ ጠዋት በጭነት መኪና ተነሣን። የደረሰ እናት እትዬ ብርቄ ጭኮ በአገልግል ይዛ መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት እሱ ብቻ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ዘጠኝ ቁጥር ለባሽ። እጄን ይዛ «ምትኩ፣ ልጄን አደራ፤ እሱ ሲጫወት ራሱን አያውቅም» አለችኝ። «እትዬ፣ እኔ እያለሁ ምን ይሆናል?» አልኳት።

ለማያውቅ ሰው መንገዱን ልንገረው። አሶሳ ከእኛ ማዶ፣ ከዓባይ በስተደቡብ ናት። ወፍ ብንሆን ከእራት በፊት በደረስን ነበር። ወፍ ስላልሆንን ወደ ራሳችን ዋና ከተማ ለመሄድ ከራሳችን ክልል ወጥተን፣ በጎጃም ዞረን፣ ዓባይን በቡሬ በኩል ተሻግረን፣ ወለጋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጠን እንደገና ክልላችን ውስጥ መግባት አለብን። ደረሰ ይሄን ሲሰማ «ታዲያ ዘመዳችንን ለመጠየቅ የጎረቤትን አጥር ሁሉ እየዘለልን ነው በለኛ» ብሎ አሳቀን።

የመጀመሪያውን ቀን ጫግኒ አደርን። ያደርንበት ቤት ፍራሽ ሦስት፣ እኛ አሥራ አምስት፤ መምህር ግርማ ለተጫዋቾቹ ፍራሹን ሰጥቶ እኛን መሬት አስተኛን። መምህር ግርማ አሠልጣኙ ነው፣ ትምህርት ቤታችን ስፖርት ያስተምራል። አንድ ልማድ አለው። ጠዋት ጠዋት ተጫዋቾቹን አሰልፎ አንድ በአንድ ይጨብጣቸዋል፤ እጃቸውን ይዞ ዓይናቸውን ያያል። ማን እንዳልተኛ፣ ማን እንደጠጣ፣ ማን እንዳመመው በእጁ ያውቃል ይባላል፤ ሲሳሳት አይቼ አላውቅም። የታመመ አያሰልፍም፤ ቢለምኑት፣ ቢያለቅሱለት አይሰማም። ጫግኒ ላይ «እኛ ደገኞች ነን፤ የምንሄደው የወባ አገር ነው። ያመመው ይንገረኝ፣ ዋንጫ ይቅርብን» አላቸው። እኔ በሆዴ ይኼ ሰውዬ ምን ነካው፣ አሥራ አንድ ዓመት ስንጠብቅ ኖረን ዋንጫ ይቅርብን ይባላል እንዴ አልኩ።

ማክሰኞ ቡሬ ደረስን። ስለ ቡሬ የምለው ብዙ የለኝም፤ እንጀራዋ ጥሩ ነው፣ ትኋኗም አይሰንፍም። ረቡዕ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። ሙቀቱ ሽቅብ እየመጣ ፊታችንን ሲመታን ጋቢያችንን አወለቅን፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ቀጥሎ ሸሚዝ። እኛ አገር በዚህ ሰዓት ጉም ከቤት አያስወጣም። ድልድዩ ላይ ሾፌሩ አቆመልንና ሁላችንም ወደ ታች አየን። አንዱ ተከላካያችን ውሃውን አማትቦበት ጸለየ፤ የጸለየው ለጎል መሆኑን ኋላ ነገረኝ። ነቀምቴ ስንደርስ ገላችንን ታጥበን ጨጨብሳ በላን። እስከዚያ ድረስ ጉዞው ደስታ ነበር፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ሐሙስ ከነጆ ወዲህ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሁላችንም ወርደን ስንገፋ ደረሰ ሳይገፋ ዳር ቆሞ አየሁት። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ እሱ ግን ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ይንቀጠቀጣል። ጠጋ ብዬ «ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ብርድ ብርድ አለኝ፣ ጋሼ።»

«ቆላ ወርደህ ነበር እንዴ?»

«የሰሊጥ መሬት ምንጣሮ ወርጄ ነበር። ከተመለስኩ አሥራ አምስት ቀን አይሆነኝም።» ከዚያ ክንዴን ያዘኝ። «ለመምህር እንዳትነግር። ያስቀረኛል።»

አልነግርም አልኩት። የእኔ ጥፋት ከዚህ ጀመረ። ያን ጊዜ ግን ጥፋት አልመሰለኝም፤ የቡድን ምስጢር የጠበቅኩ መስሎኝ ትንሽ ኩራትም ተሰምቶኝ ነበር። መንዲ ስናድር ጋቢዬን ደረብኩለት። ላቡ ጋቢውን አራሰው።

ዓርብ ጠዋት ተሽሎት ተነሣ፤ እየዘፈነ መኪናው ላይ ወጣ። የወባ ጠባይ ይኸው ነው፤ ትቶህ የሄደ መስሎ ያዘናጋሃል። ይህን የተማርኩት ግን በኋላ ነው። ባምባሲ ከሰዓት በኋላ ስንደርስ ማደሪያ የሰጡን ከወለጋ መጥተው የሠፈሩ ነጋዴ ቤተሰቦች ናቸው። የቤቱ እናት አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ ጴንጤ ናቸው፣ ማዕድ ሳይጸለይበት አያስነኩም። የእኛዎቹ ተጫዋቾች አርብ ነውና ጾም ነን ሲሉ አዴ ጫልቱ ሳቁና የታሰበልንን ዶሮ ለራሳቸው ልጆች አድርገው ለእኛ ሌላ ሽሮ ሠሩ። ራት እየበላን ደረሰን ብቻ ያዩታል። እሱ አንድ ጉርሻ ይዞ ያኝካል፣ ያኝካል፣ አይውጠውም።

ስንነሣ እኔን ወደ ጓሮ ጠሩኝ። «ያ ልጅ ምንህ ነው?» አሉኝ።

«ልጃችን ነው። የቡድናችን ዋና አጥቂ ነው።»

«ዓይኑ ቢጫ ነው እኮ። እኔ በዚች በሽታ ቀብሬአለሁ፣ የመጀመሪያ ልጄን። ጠዋት ክሊኒክ ይየው፤ ቅርብ ነው፣ እኔው ራሴ እወስደዋለሁ።»

«የመንገድ ድካም ነው፣ አዴ» አልኳቸው። አዩኝና ለደረሰ ብርድ ልብስ ይዘው ገቡ። ጠዋት ትኩሳቱ በርዶለት በመምህሩ እጅ አለፈ፤ ስንወጣ አዴ ጫልቱ የክሊኒኩን መንገድ በእጃቸው አሳዩኝ። እኔም አየሁና መኪናው ላይ ወጣሁ።

ቅዳሜ አሶሳ ገባን። ዋና ከተማ ሲባል እኔ ፎቅ ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ቀይ አፈር፣ የማንጎ ዛፍ፣ የቀርከሃ አጥር፣ አዲስ ቆርቆሮ የለበሱ ጥቂት ቢሮዎች፣ ብዙ የሣር ቤት ነው። በቆርቆሮ ቁጥር የእኛ ደብረ ዘይት ብዙም አትበለጥም፤ ይህን ስል ልጆቹ ደስ አላቸው። ማንጎው ግን የሚያስቀና ነው። እኛ አገር አንዱን ለአራት የምንካፈለውን እዚህ የወደቀውን የሚያነሣው ፍየል ነው።

ያሳደሩን ሐሚድ የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው ሰፊ ነው፣ ሦስት የቀርከሃ ጎጆ ለቀቁልን። ሴቶቹ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረቡ፤ ባሚያው ሲሳብ ክር እየሠራ ልጆቹን አሳቃቸው፣ ሲቀምሱት ግን ድስቱን ጠረጉት። ሐሚድ የመንጌ ተወላጅ ናቸው፣ ወጣትነታቸውን ወንዝ ውስጥ ቆመው ወርቅ ሲያጥቡ ነው ያሳለፉት። በኳስም የለየላቸው የመንጌ ደጋፊ ናቸው። እንደ እኔ ያለ ሰው እዚያ አገር ማግኘቴ ገረመኝ።

«ወላሂ፣ ነገ እናንተ ታለቅሳለህ» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛቸው እየሳቁ። «የመንጌ ልጅ እግሩ ውሃ ውስጥ አደገ። እንደ ብረት ነው።»

«የእኛም ልጅ ዳገት ላይ ነው ያደገው፣ አባቴ» አልኳቸው። በስኳር ብዛት ማንኪያ የሚቆምበት ሻይ እያጠጡኝ እስኪመሽ ተከራከርን። በዚያ ሰዓት ደረሰ ጎጆው ውስጥ ተኝቶ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለሌሎቹ ደክሞት ነው ብያቸዋለሁ።

እሑድ ነው እንግዲህ። ልጆቹ ለመጨባበጥ ሊሰለፉ ሲሉ ወደ ጎጆው ገባሁ። ደረሰ ተቀምጧል፣ ጫማውን ማሰር አቅቶት ክሩን ይዞ ያየዋል። ግንባሩን ስነካው እጄን ሰበሰብኩ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ይቅርብኝ መሰለኝ» አለኝ።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ልጻፍ። ለአራት ወር ገበያ ላይ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስናገር ይቺን ቃል ዘልያታለሁ። ልጁ ይቅርብኝ አለ። እሱ አለ፤ የሚሰማ ቢያገኝ ይቀር ነበር። ያገኘው ግን እኔን ነው።

«ጨዋታው አንድ ሰዓት ተኩል ነው» አልኩት። «አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ፣ ከዚያ ራሴ ሐኪም ቤት እወስድሃለሁ። ያለ አንተ አጥቂ የለንም። ስድስት ቀን መጥተን?» ጥግ ላይ የመጠጥ ውሃ የሚቀዘቅዝበት የሸክላ እንስራ ነበር። ቀኝ እጁን እስከ ክንዱ እንስራው ውስጥ አስገባሁት። ልጆቹ ስማቸው እየተጠራ ሲጨባበጡ በውጭ ይሰማኛል። ተራው ሲደርስ አውጥቼ በነጠላዬ አደረቅኩለት። ፊቱንም አበስኩት። መምህር ግርማ ጨበጠው፣ ዓይኑን አየ፣ ትንሽ ቆየ። «እንቅልፍ አጥተሃል?» አለው። «ደስታ ነው» አለ ደረሰ። አለፈ። እኔ ከጀርባው ቆሜ ጎል የገባ ያህል ተነፈስኩ።

ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ተጀመረ። ሜዳው ዳር ያለው ሕዝብ ሁሉ የመንጌ ነው፤ ለወንበራ የምንጮኸው እኔና ከወረዳችን አብሮን የመጣው ተወካይ ነን። የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ አገቡብን። ሐሚድ ዘለው አቀፉኝ፣ ለማናደድ። ከዕረፍት በኋላ አንዱ ልጃችን ከሩቅ መትቶ አቻ አደረገን። ደረሰ እንደ ሰካራም ይሄዳል፤ ኳስ ሲመጣለት ግን የማላውቀው ጉልበት ይመጣለታል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳስ ከግራ ተሻማች። ደረሰ ከሁለት ተከላካዮች መሐል ተነሥቶ በግንባሩ ነካት፤ መረቡ ሲወዛወዝ አየሁ።

ከዚያ ያደረግኩትን አላውቅም። ተወካዩ ነው የነገረኝ፤ ሜዳ ውስጥ ገብቼ መሬት ስሜያለሁ አሉ። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ጊዜ ከላዬ ወረደ። እንደዚያ ያለ ደስታ በሕይወቴ አልነበረኝም፣ ወደፊትም አይኖረኝም፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ገላዬን ይወረኛል። ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው።

ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ተቃቅፎ ሲዘል ደረሰ ተቀመጠ። ከዚያ ተኛ። አስመለሰው፣ ስሙን ስንጠራው እናቱን ጠራ። ከሁላችን ቀድመው የደረሱት ሐሚድ ናቸው። እጁን ነኩና ጮኹ፦ «ይህ ልጅ እጅዋ እሳት ነው! ኳስ ኻላስ፣ አለቀ! ያላ፣ ሐኪም ቤት!» መኪናችን ሩቅ ነበር። ቡድናቸው የተሸነፈባቸው ሽማግሌ ጎል ያገባባቸውን ልጅ በጀርባቸው ተሸክመው ሮጡ፤ ሲደክማቸው ሁለት የመንጌ ተጫዋቾች ተቀበሏቸው። ሐኪም ቤቱ የሚቻለውን ሁሉ አደረገ። ሐኪሙ «ወባው አንጎሉ ላይ ወጥቷል። ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ብታመጡት» ብሎ ቃሉን አልጨረሰም። ሁለት ቀን ቀደም ማለት ዓርብ፣ ባምባሲ ነው።

ተወካያችን ግን ፊሽካው እንደተነፋ ሮጦ ሄዶ፣ ይህን ሁሉ ሳያውቅ በመንግሥት ሬዲዮ መገናኛ ወደ ወረዳችን «ሁለት ለአንድ አሸነፍን፣ ደረሰ አገባ» የሚል መልእክት ልኮ ነበር።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ ሞተ።

ሬሳውን ስድስት ቀን በዚያ ሙቀት ማጓጓዝ አይታሰብም። ማክሰኞ አሶሳ ቀበርነው። ከወሎ የመጡ ሠፋሪዎች ካህን አመጡልን፣ ከፈኑ ሳይቀር የእነሱ ነው። መቃብሩን የቆፈሩት የመንጌ ልጆች ናቸው፤ ሃይማኖታቸው ሌላ ነው፣ ማንም ኑ ያላቸው የለም። ሐሚድ ከአጥሩ ውጪ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው በራሳቸው ጸሎት ጸለዩ። ስንለያይ «እሱ የኔም ልጅ ነው። ቦታውን እጠብቃለሁ። ለእናቱ እንዲህ በል» አሉኝ። መምህር ግርማ ቀኝ እጁን እያየ «ጨብጬው ነበር፤ ቀዝቃዛ ነበር» ይላል፣ ደግሞ ይላል። አጠገቡ ነበርኩ።

ለወረዳው እንንገር ወይስ አንንገር የሚል ክርክር ተነሣ። ተወካዩ «መርዶ በሬዲዮ አይነገርም። አጠገቧ ዘመድ ሳይኖር ከመንገድ ትስማ? ደርሰን፣ ሽማግሌ ይዘን፣ በማለዳ እንነግራታለን» አለ። ልማዳችን ነውና ሁላችን ተስማማን። ስለዚህ በመጣንበት መንገድ ስድስት ቀን ተመለስን፣ ዋንጫውን በጆንያ ጠቅልለን። ባምባሲ ላይ አዴ ጫልቱ ደጅ ቆመው ነበር። የተጫዋቾቹን ፊት አንድ በአንድ አዩና ሳይጠይቁን ወደ ቤት ገቡ። ስለ ቀረው መንገድ የማስታውሰው የለም።

ሰኞ ማታ በጨለማ ተደብቀን ልንገባ ነበር ያሰብነው። ሕዝቡ ግን ድሉን ሰምቶ ቀን ይቆጥር ኖሯል። ከከተማው ብዙ ርቀው፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከበሮ ይዘው መንገድ ላይ ጠበቁን። ከፊት ለፊት ቅጠል ይዛ እልል የምትለው እትዬ ብርቄ ናት። መኪናው ሲቆም ወደ ላይ አየች። ጎሉን ያገባው ልጅ ከፊት ተቀምጦ ይመጣል ብላ ነበር። ከፊት አጣችው፣ ከኋላ ፈለገችው። «ወርዶ በእግሩ ነው የሚመጣው?» አለችኝ፣ እየሳቀች። መምህር ግርማ ከመኪናው ወርዶ እግሯ ሥር ወደቀ። ከበሮው ትንሽ ቆየና ቆመ፤ ኋላ የነበሩት አልሰሙም ነበርና እልልታው ከዚያም በኋላ ጥቂት ቀጠለ።

መምህሩ ለመላው ለቀስተኛ «የታመመ ልጅ አሰለፍኩ፣ እጄ አታለለኝ» ብሎ ተናገረ። ማስተማሩን ተወ፤ በሁለተኛው ወር ዝውውር ጠይቆ ወደ ዳንግላ ሄደ። እኔ ደግሞ በየእሑዱ እትዬ ብርቄ ቤት እየሄድኩ ስለ መንገዱ አጫወትኳት፤ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ማንጎው፣ ስለ ሐሚድ። «አንተ አጠገቡ ስለነበርክ እጽናናለሁ» እያለች ትመርቀኛለች። ምርቃቱን ተቀብዬ እሄዳለሁ።

ሜዳ ላልረግጥ ምዬ ነበር፤ በዚህኛው መሐላ ራሴን አምኜው ነበር። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ጩኸት ሰማሁ። ሱሪ እየሰፋሁ ነበር፤ መርፌውን ጨርቁ ላይ ትቼ ሮጥኩ። ስደርስ የእኛ ልጅ አገባ፣ እኔም ዘልዬ ጮህኩ። እግሬ መሬት ሳይነካ አንድ ነገር ገባኝ፦ ያቺ እሑድ ጠዋት ተመልሳ ብትመጣ፣ የሚሆነውን እስካላወቅኩ ድረስ፣ ያንኑ እጅ ያንኑ ውሃ ውስጥ አስገባ ነበር።

ከሜዳው በቀጥታ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ይቅርብኝ ማለቱንም አልደበቅኩም። ጥጥ ትባዝት ነበር፤ እስክጨርስ እጇ አልቆመም።

«ይህን ለማን ነገርክ?» አለችኝ።

«ለማንም።»

«መምህሩ ለቅሶ ሲወጣ መጥቶ እዚህ፣ አንተ የተቀመጥክበት ላይ፣ ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎኝ ሄደ። ሚስቱ እንቅልፍ የለውም ትላለች። አንተም ይህን ስታይ ኖረሃል።» ጥጡን አስቀመጠች። «ሂድና ንገረው። እስክትነግረው ድረስ እኔ ቤት አትምጣ። ለእኔ የመጣው መጥቷል፤ የእሱን ሰላም ነው አንተ የያዝክበት።»

ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። እሑድ እሑድ አሁን የምሄድበት ቤት የለኝም። ዳንግላ ሩቅ አይደለም፣ መኪና ከተገኘ ሁለት ቀን ነው፤ ከአሶሳ በጣም ይቀርባል። እስካሁን ግን አልሄድኩም።